ናሎክሶን ከሆስፒታል ቁም ሳጥን ወጥቶ አምቡላንስ ላይ ይሳፈር

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ
ጎንደር

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ለጎንደር ከተማ ፖሊስ
በጎንደር ለሚገኘው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ

ጉዳዩ፦ ናሎክሶን በአምቡላንሶችና በጤና ጣቢያዎች እንዲቀመጥ፣ ቀድመው የሚደርሱ ሰዎችም ሠልጥነው እንዲሰጡት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እዚሁ ጎንደር በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ከዚያ በፊት በአምቡላንስ ላይ አገልግያለሁ። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ጉዳዩ በአንድ ቢሮ ፋይል ውስጥ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። የባጃጅ ሾፌሩም፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያውም፣ ልጇ ሲያመሽ እንቅልፍ የማይወስዳት እናትም ቢያነቡት እወዳለሁ።

የምጠይቀው ይህን ነው። ኦፒዮይድ የሚባሉት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ከመጠን በላይ ተወስደው የሰው ትንፋሽ ሲዳከም ወይም ሲቆም የሚመልስ መድኃኒት አለ፤ ስሙ ናሎክሶን ነው። ይህ መድኃኒት በሆስፒታል ብቻ ተቀምጦ በሽተኛ እስኪመጣለት ከሚጠብቅ በየአምቡላንሱ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። መጀመሪያ የሚደርሰው ሰው፣ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻንም ሆነ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ወይም ፖሊስ፣ ሠልጥኖ እንዲሰጠው በጽሑፍ ይፈቀድለት።

ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ፌንታኒል፣ ኮዴይንና ትራማዶል ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። በልኩ ሲወሰዱ ሕመም ያስታግሳሉ። መጠናቸው ሲበዛ ግን አንጎል ውስጥ ትንፋሽን የሚያዘውን ክፍል ያደክሙታል። ሰውየው መጀመሪያ ያንቀላፋል። ከዚያ ትንፋሹ እየራቀ ይሄዳል፤ አንዱን ተንፍሶ ሌላውን እስኪደግም የሚያየው ሰው ይጨነቃል። ጉሮሮው ያንኮራፋል፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ተኝቷል፣ ተዉት ይረፍ» ይላል። ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። በዚህ ሰዓት ልቡ ገና እየመታ ነው፤ የሚገድለው አየር ማጣቱ ነው። አንጎል ያለ ኦክስጅን ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ሲቆይ መጎዳት ይጀምራል። ከአዘዞ የተነሣ አምቡላንስ፣ መንገዱ ወለል ብሎ ቢከፈትለት እንኳ፣ በስድስት ደቂቃ ከተማ መሀል ያለ ሆስፒታል አይደርስም። ከጠዳና ከቆላ ድባ የሚነሣውንማ ተዉት።

ናሎክሶን ኦፒዮይዱ አንጎል ላይ ከያዘው ቦታ ገፍቶ ያስለቅቀዋል። በደም ሥር ሲሰጥ በአንድ ሁለት ደቂቃ፣ በጡንቻ ሲወጋ ከሁለት እስከ አምስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ሰውየው መተንፈስ ይጀምራል። በአፍንጫ የሚነፋም አለ። ሱስ አያስይዝም፣ አያሰክርም፤ ኦፒዮይድ ላልወሰደ ሰው በስህተት ቢሰጥ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ከብርሃንና ከኃይለኛ ሙቀት መጠበቅ ብቻ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ኖሯል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ደግሞ እንዲህ ያለ አደጋ ሊያጋጥማቸው የሚችል ሰዎች፣ የጤና ባለሙያ ባይሆኑም፣ መድኃኒቱን እንዲያገኙና አሰጣጡን እንዲማሩ መክሯል።

«ይህ የፈረንጅ ችግር ነው» የሚል መልስ ከሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር ሰምቻለሁ። አሜሪካንን በአንድ ዓመት ከሰባ ሺህ በላይ ሰው ያሳጣት ዓይነት የፌንታኒል እልቂት ጎንደር ላይ ወርዷል አልልም፤ የሰው አገር ፍርሃት ተውሼ ማንንም ላስደነግጥ አልፈልግም። የእኛው ነገር ሌላ መልክ አለው፤ ስሙም በአብዛኛው ትራማዶል ነው።

ትራማዶል በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ነው። ማዘዣ ሳይጠየቅ የሚገኝበት በር እንዳለ ግን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ400 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ባለ 50 ሚሊግራም አሥር ፍሬ የያዘ አንድ ስትሪፕ ሲቆጠር 500 ሚሊግራም ነው፤ አንድ ስትሪፕ በአንድ ምሽት የጨረሰ ልጅ የቀኑን ጣሪያ አልፏል ማለት ነው። እኔ ያየኋቸው ሁሉ «ሱሰኛ» የሚባሉ አይደሉም። የቆየ ስብራት ሌሊት ሌሊት የሚቀሰቅሰው አለ። በመተማ በኩል ሰሊጥ አጨዳ ውሎ ወገቡ የተቆረጠበት የቀን ሠራተኛ አለ። ቀን ጫት ቅሞ ማታ እንቅልፍ እምቢ ያለው፣ በአረቄ የሚደርብበትም አለ። አረቄው፣ ዲያዜፓም የሚባለው የማረጋጊያና የእንቅልፍ መድኃኒትና ትራማዶሉ ሲገናኙ እያንዳንዱ ብቻውን የማያደርገውን አንድ ላይ ሆነው ያደርጉታል። ትንፋሽ የሚጠፋው ያኔ ነው።

ሌላም ወገን አለ፤ ስለ እነሱ የሚያወራ የለም። ቤቷ ሆና ሞርፊን የምትወስድ የካንሰር ሕመምተኛ አለች። ኩላሊቷ ሲደክም ትናንት የተስማማት መጠን ዛሬ ሊበዛባት ይችላል። ከጎረቤት «ለሕመም ነው» ተብሎ የተሰጣቸውን ፍሬ የሚውጡ አዛውንት አሉ። የአያቱን ኪኒን ከረሜላ መስሎት የሚበላ ሕፃን አለ። እነዚህ ሁሉ ናሎክሶን የሚያሻቸው ሰዎች ናቸው።

አንድ ምሽት ከመናኸሪያው አካባቢ ተጠርተን ደረስን። ልጁ ከሃያዎቹ አጋማሽ አያልፍም፤ በጀርባው ተዘርግቶ ሰው ከቦታል። አንዲት ሻይ ሻጭ ክብሪት እየጫረች ጭሱን አፍንጫው ሥር ትይዝለታለች፤ የሚጥል በሽታ መስሏት ነው፣ ከልቧ እያዘነች። አንድ ሰውዬ ወተት በብርጭቆ ይዞ ጥርሱን ሊያስከፍተው ይታገላል። ሌላው ውኃ ይረጫል። ጓደኞቹ ሁለት ነበሩ፤ የአምቡላንሱ ድምፅ ሲሰማ አንዱ ጥሎት ሄደ። ወተቱን አስቀመጥን፤ ትን ቢለው ኖሮ ሳንባው ውስጥ ይገባ ነበር። በስልኬ መብራት የዓይኑን ብሌን አየሁ፤ ጠብባ ነጥብ አክላለች። በቀረው ጓደኛው ጆሮ «ወንድሜ፣ ምን ወሰደ? እኔ ፖሊስ አይደለሁም» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና ከኪሱ ባዶ ስትሪፕ አውጥቶ በእጄ አስጨበጠኝ።

ቦርሳውን ከፈትኩ። ጓንት አለ፣ ጎዝ አለ፣ ፕላስተር አለ፣ ግሉኮስ አለ፣ ለወላድ የሚሆን ኦክሲቶሲን አለ። ናሎክሶን የለም። በአምቡ ባግ፣ ማለትም በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚያስገባው ባለ ጭንብል ከረጢት፣ እየተነፈስንለት ነዳነው፤ ሆስፒታል በር እስክንደርስ እጄ ከባጉ አልተላቀቀም። እዚያ ናሎክሶን በደም ሥሩ ተሰጠው፣ በደቂቃዎች ውስጥ በራሱ ተነፈሰ፣ ዓይኑን ገለጠ፣ የት እንዳለ ጠየቀ። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ግን ተመልሶ ማንኮራፋት ጀመረ። ቤተሰቦቹ በዚያው መሀል ደርሰው «ነቃ እኮ፣ እንውሰደው» እያሉ ነበር። ቢወስዱት ኖሮ መኝታው ላይ ይሞትባቸው ነበር። ሁለተኛ መጠን ተሰጥቶት አደረ።

ያ ልጅ የተረፈው አምቡ ባግ ስለነበረን ነው። የባጉ ጭንብል ተቀዶ በፕላስተር የተለጠፈበትን አምቡላንስም አውቃለሁ። በአምቡላንስ ሳይሆን በባጃጅ የሚመጡት ደግሞ ይበዛሉ፤ እነሱን መንገድ ላይ የሚተነፍስላቸው የለም። ከኋላ ወንበር ሁለት ሰው መሀል ተቀምጠው፣ አንገታቸው ወደ ደረት ተቀልሶ፣ የአየር ቧንቧቸው በራሱ ታጥፎ ነው የሚደርሱት። የባጃጅ ሾፌሮቻችን ደግነት አይጎድላቸውም። ያለ ሒሳብ የሚያመጡ ብዙ አሉ። የሚጎድላቸው አንገትን ቀና አድርጎ መያዝ እንደሚያስፈልግ የሚነግራቸው ሰው ነው።

ስለ ሥልጠናው ትንሽ ላስረዝም፤ መድኃኒቱ ያለ ሥልጠና ቢታደል የምጠይቀው ነገር ግማሹ ይበላሻል።

መጀመሪያ ትንፋሽ ነው። ናሎክሶን አምፑሉ ተሰብሮ፣ በስሪንጅ ተቀድቶ፣ ተወግቶ እስኪሠራ ድረስ ሰውየው አየር ይፈልጋል። አገጭ ቀና፣ አፍ ውስጥ ያለ ነገር ወጥቶ፣ በአምቡ ባግ ካለ በባጉ፣ ከሌለ በአፍ። ይህን የማያውቅ ሰው መርፌውን ብቻ ይዞ ቢሮጥ ጊዜ ያባክናል። ከዚያ አንድ አምፑል፣ ማለትም 0.4 ሚሊግራም፣ በጭን ውጫዊ ጡንቻ ወይም በክንድ፤ አስፈላጊ ከሆነ በልብስ ላይም ይወጋል። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ትንፋሹ ካልተመለሰ ይደገማል። የምንፈልገው በራሱ እንዲተነፍስ ነው፤ ተነሥቶ እንዲያወራ አይደለም። ኦፒዮይድ የለመደ ሰውነት ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ከተሰጠ ሰውየው እየተንቀጠቀጠ፣ እያስመለሰ፣ ተናዶ ይነሣል፤ ከረጂውም ጋር ይጣላል። ፖሊሶች ይህን አስቀድመው ማወቅ አለባቸው፤ ጠበኛ ሆነ ብለው ካቴና እንዳያወጡ።

ሁለተኛው የእኛ አካባቢ ልዩ ጉዳይ ስለሆነ አጥብቄ እናገራለሁ። የጠበበ ብሌን፣ የጠፋ ንቃትና የደከመ ትንፋሽ በአንድ ላይ ሲታዩ ኦፒዮይድን ያስጠረጥራሉ። በዙሪያችን ባለው የእርሻ አገር ግን ብሌንን የሚያጠብ ሌላ ነገር አለ፤ እነ ማላታይን ያሉት የፀረ ተባይ መርዞች። በንዴት ወይም በተስፋ መቁረጥ ጠጥተው የሚመጡትን የድንገተኛ ክፍል ሠራተኛ ሁሉ ያውቃቸዋል። እነሱ ምራቃቸው ይዝረበረባል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ዓይናቸው ያነባል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ልብሳቸው የመርዙን ሽታ ይሸታል። የኦፒዮይዱ ሰው ደረቅና ጸጥተኛ ነው። ማላታይን የጠጣ ሰው የሚያሻው አትሮፒን ነው፤ ናሎክሶን ባይጎዳውም አይረዳውም፣ እሱን እየደጋገሙ መጠበቅ ግን ይገድለዋል። ከውጭ አገር የተቀዳ የሥልጠና ጽሑፍ ይህን አይነግረንም። ጎንደር ላይ የሚሰጥ ሥልጠና ግን ከዚህ ቢጀምር ተገቢ ነው። ስኳሩ የወረደበት የስኳር ሕመምተኛም እንዲሁ ራሱን ስቶ ሊገኝ ስለሚችል፣ መለኪያው ባለበት ሁሉ ስኳሩ ይለካ።

ሦስተኛው የትራማዶል ጠባይ ነው። ሞርፊን በአንድ መንገድ ሲሠራ ትራማዶል ግን በሌላ መንገድም ይሠራል። ስለዚህ ናሎክሶን የሚመልሰው ጉዳቱን በከፊል ነው። ትራማዶል መጠኑ ሲያልፍ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል፤ ይህን መንቀጥቀጥ ናሎክሶን አያቆመውም፣ እንዲያውም ሊያመጣው እንደሚችል በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ። እየተንፈራገጠ ያለን ሰው በጎኑ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ከድንጋይ ጠብቆ፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳይከቱ ወደ ሆስፒታል ማፍጠን ነው የሚሻለው። በዚህ መሀል ትንፋሹ ከቆመ ግን ያው አየር ይቀድማል፤ ቀጥሎም ናሎክሶን። ይህን ልዩነት አንድ በጎ ፈቃደኛ በግማሽ ቀን ይማረዋል። ጠንቅቄ የምለው በአምቡላንስ ላይ ከእኔ ጋር የሠሩ ወጣቶች ከዚህ የከበደ ነገር ሲማሩ አይቻለሁና ነው።

አራተኛውን በመናኸሪያው ልጅ ታሪክ አንሥቼዋለሁ። ናሎክሶን ከሠላሳ እስከ ዘጠና ደቂቃ ነው የሚቆየው። ብዙዎቹ ኦፒዮይዶች ከዚያ በላይ ሰውነት ውስጥ ይቆያሉ። ስለዚህ መንገድ ላይ የነቃ ሰው «ዳነ» ተብሎ አይለቀቅም፤ ሆስፒታል ሄዶ ሰዓታት ይጠበቃል። ይህ ለቤተሰብም በግልጽ አማርኛ ይነገር።

ማን ይስጠው የሚለው ላይ ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ። «መርፌ የባለሙያ ነው» ይባላል። የጎንደር ታሪክ ራሱ ለዚህ መልስ አለው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ ውስጥ በቆላ ድባ አካባቢ ወባ ሕዝብ ሲፈጅ የሚደርስ ሐኪም አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. እዚህ ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፈት ሐኪም እስኪበዛ እንጠብቅ አልተባለም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) በቡድን ሠልጥነው ወደ ገጠር ወጡ። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ቤት ለቤት ዞረው የማይታመን ሥራ ሠርተዋል። ወባን ይመረምራሉ፣ ያክማሉ፤ ክትባት ይወጋሉ፤ ዲፖ ይሰጣሉ፤ የሳንባ ምች ለያዘው ሕፃን አንቲባዮቲክ ይጀምራሉ። ዲፖ የሚወጋ እጅ ናሎክሶን ለመውጋት አያንስም። መርፌው ያው መርፌ፣ ጡንቻው ያው ጡንቻ ነው።

በሌላውም ዓለም የተኬደበት መንገድ ነው። በአሜሪካ የኩዊንሲ ከተማ ፖሊሶች ናሎክሶን መያዝ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የስኮትላንድ ፖሊስ በሙከራ ጀምሮ ወደ መላው አባላቱ አስፋፍቶታል። ለእኛ የበለጠ የሚቀርበው ግን የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና ወንጀል ጽሕፈት ቤት በካዛክስታን፣ በኪርጊስታን፣ በታጂኪስታንና በዩክሬን ያካሄዱት ነው። አቅማቸው ውስን በሆነ በእነዚህ አገሮች ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ሠለጠኑ። አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች አልነበሩም። አደጋ ካጋጠማቸው መካከል እጅግ የሚበዙት ናሎክሶኑን ተጠቅመዋል፤ የተረዱት ሰዎችም ከሞላ ጎደል ሁሉም ተርፈዋል።

አሁን ለፖሊስ መምሪያው የምለው አለኝ፤ በአክብሮት ነው። የመናኸሪያው ልጅ ጓደኛ ለምን እንደሮጠ ሁላችንም እናውቃለን። «ከማን ገዛችሁት? አንተስ ወስደሃል?» የሚለውን ፈርቶ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ ሳይረዳ የቀረን ሰው ይቀጣል። ሕጉ እርዳ ይላል፤ ፍርሃቱ ደግሞ አምልጥ ይላል፤ ልጁ በሁለቱ መሀል ይሞታል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2007 ለደዋዩ የሕግ ከለላ በመስጠት የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ግዛቶች ተከትለዋታል። እኛ ሕግ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልገንም። መምሪያው ለአባላቱ «ታማሚ ባለበት ቦታ አምቡላንስ የጠራና አብሮ የቆየ ሰው በዚያ ሰዓት አይያዝ፣ ምን እንደተወሰደ ለጤና ባለሙያ የተናገረው ለክስ አይዋል» የሚል የውስጥ ትእዛዝ ቢያወርድና ትእዛዙ በአደባባይ ቢነገር ብዙ ይለውጣል። ሻጩን አትያዙ እያልኩ አይደለም። የሚሸጠውን ያዙት፤ የሚደውለውን ተዉልን።

«መድኃኒቱ ካለ ወጣቱ ይደፋፈራል» የሚሉም አሉ። ናሎክሶን ተወግቶ የነቃን ሰው ቀርቦ ያየ ይህን አይልም። ብርድ ያንሰፈስፈዋል፣ አጥንቱ ድረስ ያመዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል። ለዚያ ብሎ የሚደፋፈር የለም። በሕይወት ያለ ሰው ግን ወደ አእምሮ ሕክምና ሊላክ ይችላል፤ እናቱ ልትመክረው፣ የንስሐ አባቱ ወይም ኢማሙ ሊያነጋግሩት ይችላሉ። ለሞተ ሰው ይህ ሁሉ የለም።

አንድ ነገር እንዳይበላሽብን ግን እፈራለሁ። ይህ ደብዳቤ ሞርፊንን ለማስፈራራት እንዳይውል። አብዛኛው የዓለም ሞርፊን የሚውለው በጥቂት ሀብታም አገሮች ነው፤ እዚህ ብዙ የካንሰር ሕመምተኛ ያለ በቂ ማስታገሻ እየጮኸ ይሞታል። ጣር ላይ ያለች እናት አጠገብ ቆሜ «መጠኑን እንጨምርላት» ስል «ትንፋሿ ቢቆምስ?» የተባልኩበትን ሌሊት መቼም አልረሳውም። ሞርፊኑ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነበር፤ እሷ እስኪነጋ አቃሰተች። ናሎክሶን በእጁ ያለ ባለሙያ እንዲህ አይፈራም። ሞርፊን ይዛ ወደ ቤቷ ለምትሄድ ሕመምተኛም፣ ለቤተሰቧ አምፑልና ስሪንጅ ከትምህርት ጋር መስጠት ይቻላል። ሕመም ማስታገስንና ትንፋሽ ማዳንን የሚያጣላቸው ነገር የለም፤ አንዱ ሲኖር ሌላው ያለ ሥጋት ይሰጣል።

ወደ አፈጻጸሙ ልምጣ። በአፍንጫ የሚነፋው ዓይነት ውድ ነው፤ እሱ ካልመጣ አንጀምርም አንበል። 0.4 ሚሊግራም የያዘው አምፑል ርካሽ ነው፤ በአገራችን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝርም ውስጥ አለ። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት እዚሁ ጎንደር ቅርንጫፍ አለው። ጤና ጣቢያዎችና አምቡላንሶች በመጠየቂያ ቅጻቸው ላይ ካልጻፉት ግን ማንም አይልክላቸውም፤ ለመጻፍ ደግሞ መምሪያው «ጻፉ» ማለት አለበት። ለአንድ አምቡላንስ አራት አምፑል፣ ስሪንጅና መርፌ፣ ጭንብሉ ያልተቀደደ አምቡ ባግ በሁለት መጠን፣ አንዱ ለሕፃን አንዱ ለአዋቂ። ከተማ ውስጥ ከሚዞሩት ይጀመር፤ ቀጥሎ የአዘዞና የጠዳ፤ ቀጥሎ በመተማ መንገድ ያሉት። የመጠቀሚያ ቀኑ ሊያልፍ የተቃረበው አምፑል ወደ ሆስፒታል ተመልሶ በአዲስ ቢተካ ብክነት አይኖርም።

መዝገቡም ይስተካከል። በሠራሁባቸው ቦታዎች እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ «ራሱን ስቶ የመጣ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሲሞት ደግሞ «ሞቶ የደረሰ»። ምን እንደወሰደ የሚጻፍበት ቦታ የለም። አንድ ዓምድ ይጨመር፦ የተጠረጠረው መድኃኒት፣ ናሎክሶን ተሰጠ ወይስ አልተሰጠ፣ ማን ሰጠ፣ በስንት ሰዓት። የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሙያዎችም ማዘዣ የማይጠይቁትን ቤቶች ሲከታተሉ ከዚህ መዝገብ ይጠቀማሉ። ስም መመዝገብ ግን አያስፈልግም፤ ስም ከተጻፈ ሰው መምጣት ያቆማል።

ጊዜ ካስፈለገ ከጥምቀት በፊት ያለው ይመቻል። በዚያ ሰሞን ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ቀይ መስቀል በጥምቀተ ባሕሩ አካባቢ በጎ ፈቃደኞቹን ያሰማራል፤ ፖሊስም በሙሉ ኃይሉ ይወጣል። ለበዓሉ የሚሰጠው የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ላይ ግማሽ ቀን ቢጨመር ሁለቱንም በአንድ አዳራሽ እናገኛቸዋለን። የባጃጅ ማኅበራት ተወካዮችም ቢጠሩ ደስ ይለኛል፤ ለእነሱ መርፌው ይቅርና አንገት ቀና አድርጎ መያዝን፣ በጎን ማስተኛትንና ወተት አለማጠጣትን ቢያውቁ ይበቃል።

በድንገተኛ ክፍል አብረውኝ የሚሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሥልጠናውን ያለ ክፍያ ለመስጠት ፈቃደኞች ነን። ለልምምድ የሚሆን አሻንጉሊትና አምቡ ባግ ከሚያስተምሩ ተቋማት መዋስ ይቻላል። ከመምሪያው የምንጠብቀው የፈቃድ ደብዳቤ፣ የመድኃኒት ጥያቄውን የሚያስፈጽም አንድ ባለሙያና ቀኑ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

በጎንደር የድንገተኛ ክፍል ነርስ